ኳሷ ቀለበቱ ላይ ሳለች፦ ለቅርጫት ኳስ ተመልካቾች፣ ለአሰልጣኞችና ለውድድር አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ውድ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ አንድ ፊሽካ ነው። ሲነፋ ግማሹን ሜዳ ያስቆጣል፤ ሳይነፋ ሲቀር ሌላውን ግማሽ። ኳሷ ከቀለበቱ በላይ ወይም ቀለበቱ ላይ ሳለች ተጫዋች ሲነካት ስለሚሰጠው ውሳኔ ነው የማወራው። ጎልቴንዲንግና ባስኬት ኢንተርፌረንስ የምንላቸው ማለት ነው።

የትምህርት ቤትና የሰፈር ውድድሮችን እዳኛለሁ። ፎል ላይ ጭቅጭቅ አለ፤ ግን ይረሳል። ትራቭሊንግ (ኳስ ሳያነጥሩ መራመድ) ላይም አለ፤ እሱም ያልፋል። ይሄኛው ግን በቀላሉ አያልፍም። ውሳኔው በቀጥታ ነጥብ ይሰጣል ወይም ነጥብ ይነፍጋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ በሚያይበት ሰዓት ነው።

አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። እኛ ሜዳዎች ላይ በዚህ ህግ ምክንያት ከሚነሳው ጩኸት ብዙው የሚነሳው ዳኛው ስለተሳሳተ አይደለም። ዳኛው በፊባ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ህግ ይዳኛል። ተመልካቹ በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ ህግ ይጮሃል። ሁለቱ ህጎች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ኳሷ ቀለበቱን ከነካች በኋላ ግን ይለያያሉ። ጥሉም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የወጣቶች ጨዋታ ነበር። እኔ ዳኛ አልነበርኩም፤ ከተመልካች ጋር ተቀምጬ ነበር። በአንድ ነጥብ እየመራ ያለው ቡድን እየተከላከለ ነው። ተቃራኒው ቡድን ከጎን ወረወረ። ኳሷ የቀለበቱን የፊት ጠርዝ መታች፤ ነጠረች፤ ተመልሳ ጠርዙ ላይ አረፈች። ልትገባም ላትገባም ትችል ነበር። ረጅሙ ተከላካይ ዘሎ በመዳፉ ጠረጋት። ዳኛው ወጣት ልጅ ነበር። ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አየ፤ አልነፋም። ጨዋታው ቀጠለ፤ ብዙም ሳይቆይ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። «ይቆጠራል! ይቆጠራል!» ተባለ። ትንሽ ቆይቶ «ሌባ! ሌባ!» ሆነ። የውሃ ላስቲክ ተወረወረ። የተሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ ስልኩን አውጥቶ የአንድ የኤንቢኤ ጨዋታ ክሊፕ ከፈተና የልጁ አፍንጫ ስር ደቀነው። ክሊፑ ላይ ተከላካዩ ልክ እንደዚሁ ኳሷን ከቀለበቱ ላይ ይጠርጋል፤ የአሜሪካው ዳኛ ይነፋል፤ ነጥቡ ይቆጠራል። አሰልጣኙ «ይኸው! እየው!» ይላል። ልጁ «አሰልጣኝ፣ በእኛ ህግ ይቻላል» ይላል። ማንም አልሰማውም። ፊሽካውን በጣቱ ላይ እየጠቀለለ በሰው መሃል አጎንብሶ ወጣ።

ክሊፑ ልክ ነው። ልጁም ልክ ነው። ይህን በዚያች ሰዓት የሚያስረዳ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ልጁ አንገቱን ደፍቶ አይሄድም ነበር። ስለዚህ እስቲ ህጉን አብረን እንየው።

መጀመሪያ ጎልቴንዲንግ። አንድ ተጫዋች ወደ ቅርጫቱ ወርውሯል። ኳሷ ሙሉ በሙሉ ከቀለበቱ ከፍታ በላይ ናት። መውረድ ጀምራለች። በዚህ ጊዜ ማንም አይነካትም። ተከላካይም አጥቂም። ኳሷ ወደ ላይ እየወጣች ከሆነ ግን ብሎክ ማድረግ፣ ማለትም መትቶ ማስቀረት ይቻላል፤ የፈለገ ያህል ከፍ ብትል ችግር የለውም። ሌላው ነገር ቦርዱ፣ ከቀለበቱ ኋላ ያለው ሰሌዳ ነው። የተወረወረችው ኳስ ቦርዱን ከነካችና ሙሉ በሙሉ ከቀለበቱ በላይ ከሆነች፣ እየወጣችም ቢሆን መንካት ክልክል ነው። ሌይአፕ (ቅርጫቱ አጠገብ ደርሶ ዘሎ የሚወረወር ኳስ) ሲሰራ ከኋላ ሮጦ የሚመጣ ተከላካይ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በዚህች ነው። ኳሷ ቦርዱን ከመንካቷ በፊት ከደረሰባት ቆንጆ ብሎክ ይሆናል። ከነካች በኋላ ከደረሰ ነጥቡ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ የሚሰራው ለሙከራ ውርወራ ነው። ኳሷ ፓስ ከሆነች ጎልቴንዲንግ የለም። አሊ-ኡፕ የሚቻለውም ለዚህ ነው። ጓደኛው ወደ ላይ ያቀበለውን ኳስ አጥቂው አየር ላይ ተቀብሎ ቢከት ህጋዊ ነው። ጓደኛው የወረወረው ለማግባት ከሆነና ኳሷ እየወረደች ሳለ አጥቂው እጁን ቢያስገባ ግን ነጥቡ ይሰረዛል። ፓስ ነበር ወይስ ሙከራ? ይህን የሚወስነው ዳኛው ነው፤ የወርዋሪውን እጅና የኳሷን መንገድ አይቶ። ተጫዋቹ በኋላ መጥቶ «እኔ እኮ ፓስ ነው ያደረግኩት» ቢል አይሰራም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ኳሷ ቀለበቱን ነካች። በፊባ ህግ ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ነጻ ናት። ቀለበቱ ላይ እየተንከባለለች፣ ከቀለበቱ በላይ እየነጠረች፣ ጠርዙ ላይ ቆማ ቢሆን እንኳ ተከላካዩ ሊጠርጋት ይችላል። አጥቂውም ሊገፋት ይችላል። በኤንቢኤና በአሜሪካ ኮሌጆች ህግ ግን ከቀለበቱ በላይ አንድ የማይታይ ክልል አለ። ክብ ነው፤ የቀለበቱን ስፋት ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ኳሷ በዚያ ክልል ውስጥ እስካለች ድረስ፣ ቀለበቱን ነክታም ቢሆን፣ ማንም አይነካትም። ስልካችን ላይ የምናየው ክሊፕ የዚህኛው ህግ ነው። የእኛ ዳኛ የሚሰራበት የመጀመሪያው ነው። በኦሎምፒክና በዓለም ዋንጫ የአሜሪካ ቡድን ራሱ የሚጫወተው በፊባ ህግ ነው።

ነጻነቱ ግን ልክ አለው። ኳሷ ቀለበቱ ላይ ሳለች ተጫዋቹ ኳሷን እንጂ ቀለበቱን፣ መረቡን ወይም ቦርዱን መንካት አይችልም። ይህ ኢንተርፌረንስ ነው። ኳሷን ሊጠርግ ዘሎ እግረ መንገዱን መረቡን የጎተተ ተከላካይ ነጥብ ሰጠ ማለት ነው። እጁን ከስር በቀለበቱ ውስጥ አሳልፎ ኳሷን የነካም እንደዚሁ። ቀለበቱን ይዞ ያወዛወዘና በመወዛወዙ ኳሷ እንዳትገባ ወይም እንድትገባ ያደረገም እንደዚሁ።

ደግሞ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ኳሷ ጠርዙ ላይ ስትሆን ተከላካዩ ሊጠርጋት ይችላል ብያለሁ። ነገር ግን ከኳሷ ትንሿ ክፍል እንኳ በቀለበቱ ውስጥ ሆና ከቀለበቱ ከፍታ በታች ከገባች፣ ኳሷ «ቅርጫቱ ውስጥ ናት» ይባላል። ያኔ ተከላካይ ከነካት ይቆጠራል። ልዩነቱ የጣት ውፍረት እንኳ አይሆንም። ጠርዙ ላይ ያረፈች ኳስና ሆዷ በትንሹ ወደ ውስጥ የሰረገች ኳስ ከተመልካች መቀመጫ ሲታዩ አንድ ናቸው። በህጉ ግን አንደኛዋ ነጻ ናት፤ ሌላኛዋ ነጥብ ናት።

የመጨረሻው ደወልም ሌላ ነገር ያመጣል። ኳሷ አየር ላይ ሳለች ሰዓቱ አለቀና ደወሉ ጮኸ እንበል። ኳሷ ቀለበቱን መታች፤ ነጠረች፤ አሁንም የመግባት ዕድል አላት። እስካሁን ያወራሁት ነጻነት እዚህ ላይ የለም። ማንም አይነካትም። ተከላካይ ከነካት ነጥቡ ይቆጠራል። ዳኛው ለፎል ፊሽካ ነፍቶ ኳሷ አየር ላይ ከሆነችም ህጉ ያው ነው። በጨዋታው መሃል ኳስ ከቀለበቱ ላይ ሲጠርግ ያልተነፋበት ተከላካይ፣ በደወሉ ጊዜ ያንኑ ሲያደርግ ሊነፋበት ይችላል። ሁለቱም ውሳኔ ትክክል ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች ግን ዳኛው የፈለገውን ቡድን እየጠቀመ ይመስለዋል።

ስለ ቅጣቱ ብዙ አልልም። ተከላካይ ካጠፋ ኳሷ እንደገባች ይቆጠራል፤ 2 ከሆነ 2፣ 3 ከሆነ 3። አጥቂ ካጠፋ ነጥብ የለም፤ ኳሷ ለተቃራኒ ቡድን ትሰጣለች፤ ያ ቡድን ከፍሪ ትሮው (ከነጻ ውርወራ) መስመሩ ትይዩ ከጎን ያስገባታል። በመጨረሻው ፍሪ ትሮው ላይ ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ ተከላካይ ከነካት አንድ ነጥብ ይቆጠራል፤ ተከላካዩም ቴክኒካል ፎል ይሰጠዋል። ሌላ ፍሪ ትሮው የሚከተል ከሆነ ደግሞ ኳሷ የመግባት ዕድል እስካላት ድረስ ማንም እጁን አያስገባም።

እንግዲህ ዳኛው ይህን ሁሉ የሚያይበትን ጊዜ አስቡት። ኳስ ወደ ላይ ወጥታ መውረድ ከመጀመሯ በፊት ጫፉ ላይ ትዘገያለች። ከጫፉ በታች ባሉት 5 ሳንቲሜትሮች ውስጥ፣ መውጣቷም መውረዷም ተደምሮ፣ የምትቆየው አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት የቆመች ነው የምትመስለው። ረጅም ተከላካይ የሚደርስባትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። እየወጣች ነበር ወይስ እየወረደች? ዳኛው በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ ይህን ይለያል። ደግሞ ከቀለበቱ 1 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ የምትወርድ ኳስ ቀለበቱ ጋ ስትደርስ ፍጥነቷ በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ነው። የኳሷ የጎን ስፋት 24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የራሷን ስፋት ያህል ለመውረድ የሚፈጅባት ጊዜ ከአስረኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። «ሙሉ በሙሉ ከቀለበቱ በላይ ነበረች ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚህ ሌላ የምትጮሁበትን ዳኛም አስተውሉ። ሁለት ዳኛ ባለበት ጨዋታ አንዱ ከቅርጫቱ ስር፣ መጨረሻው መስመር ላይ ይቆማል። ሊድ እንለዋለን። ሌላው ከኋላ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ትሬይል እንለዋለን። የኳሷን በረራና ቀለበቱን የሚከታተለው ትሬይሉ ነው። ሊዱ የሚያየው ከስር ያሉትን ሰዎች ነው፤ መገፋፋቱን፣ ክርኑን፣ እግሩን። ወደ ላይ አንጋጦ ቢያይ ፎሉ ያመልጠዋል። ከስር ሆኖም ኳሷ ከቀለበቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለች መለካት አይችልም። ተመልካች ግን የሚጮኸው ቅርብ ባለው ላይ ነው። «አጠገብህ ሆኖ አላየህም?» ይላሉ። አጠገቡ በመሆኑ ነው ያላየው።

ለመሆኑ ይህ ህግ ከየት መጣ? ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጄምስ ኔይስሚዝ በታህሳስ 1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥር 13 ህጎች ጻፈ። ቅርጫቱ ያኔ የእውነት ቅርጫት ነበር፤ የኮክ መልቀሚያ። ስምንተኛው ህግ ኳሷ ጠርዙ ላይ አርፋ ተቃራኒ ተጫዋች ቅርጫቱን ካንቀሳቀሰ ጎል ሆኖ ይቆጠራል ይላል። ድሪብሊንግም (ኳስ እያነጠሩ መሄድ)፣ ሶስት ነጥብም፣ ዳንክም (ዘሎ ኳሷን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ መክተት) ሳይኖር ይህ ህግ ነበረ። ዛሬ ኢንተርፌረንስ የምንለው ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ቦርዱ የመጣበት ምክንያት ደግሞ እናንተን ይመለከታል። ቅርጫቶቹ የተሰቀሉት በአዳራሹ ፎቅ ሰገነት ላይ ነበር። ደጋፊዎች ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እየዘረጉ ኳሷን ይመልሱ ወይም ያስገቡ ነበር። እነሱን ለመከልከል ከቅርጫቱ ኋላ መከለያ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ጎል አበላሾች ተመልካቾች ነበሩ ማለት ነው።

ጎልቴንዲንግ የመጣው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኮሌጆች ሁለት ረጃጅም ወጣቶች ብቅ አሉ። የዲፖል ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ማይካን 2 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ነበር፤ የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጁ ቦብ ከርላንድ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲሜትር። ቅርጫቱ ስር ቆመው፣ ሊገባ የሚወርደውን ኳስ ሁሉ ይጠርጉ ነበር። በ1944 የኮሌጆቹ ህግ ይህን ከለከለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲው ቢል ራስል የጓደኞቹን ውርወራ አየር ላይ እየመራ ማስገባት ሲያበዛ ክልከላው በአጥቂም ላይ ተጠናከረ። ሁለቱም ጊዜ የህጉ ዓላማ አንድ ነበር። ኳስ በትክክል ለወረወረ ሰው ዕድሉን መጠበቅ። ረጅም ሰው መዝለል ይችላል፤ መከላከል ይችላል፤ ግን ያለቀለትን ውርወራ መስረቅ አይችልም።

«በቴክኖሎጂው ቢሆን እኮ እንዲህ አይሳሳቱም» የሚሉኝ አሉ። ሁለት ጨዋታ ልጥቀስላችሁ። መጋቢት 19 ቀን 2015 በአሜሪካ የኮሌጆች ውድድር ኤስኤምዩ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ የተባለውን 59 ለ57 እየመራ ነበር። 13 ሰከንድ ገደማ ሲቀር የዩሲኤልኤው ብራይስ አልፎርድ ለ3 ነጥብ ወረወረ። ኳሷ አጭር የሆነች ትመስል ነበር። የኤስኤምዩው ያኒክ ሞሬራ ዘሎ ነካት። ዳኛው ጎልቴንዲንግ ብሎ ነፋ፤ 3 ነጥብ ተቆጠረ። ዩሲኤልኤ 60 ለ59 አሸነፈ፤ ኤስኤምዩ ከውድድሩ ወጣ። ኳሷ የመግባት ዕድል ነበራት ወይ የሚለው ክርክር ለቀናት ቀጠለ። ትሁት ልሁንና የእኔን አስተያየት ልንገራችሁ፤ ሞሬራ ትንሽ ቢታገስ ኳሷ ራሷ ትጨርሰው ነበር።

ሁለተኛው የኤንቢኤ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 2018 ክሊቭላንድና ኢንዲያና 95 እኩል ነበሩ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ የኢንዲያናው ቪክተር ኦላዲፖ ሌይአፕ ሰራ። የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ ከኋላ ደርሶ ኳሷን መታት። አልተነፋም። ሌብሮን ወዲያው በሌላኛው ቅርጫት 3 ነጥብ አገባና ክሊቭላንድ 98 ለ95 አሸነፈ። በማግስቱ ኤንቢኤ ራሱ ባወጣው የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ሪፖርት ኳሷ ሌብሮን ሳይነካት በፊት ቦርዱን ነክታ እንደነበር፣ ጎልቴንዲንግ መነፋት እንደነበረበት አመነ። የዓለም ምርጥ ዳኞች ናቸው። ካሜራው በየአቅጣጫው ነው። ያም ሆኖ ፊሽካ ስላልተነፋ ቪዲዮ ማየት እንኳ አልተቻለም፤ ህጉ የሚፈቅደው የተነፋን መመርመር ነበር።

እኔን የሚያስደንቀኝ ስህተቱ አይደለም። በማግስቱ ለህዝብ መጻፉ ነው። ኤንቢኤ ይህን ሪፖርት ማውጣት የጀመረው በ2015 ነው። ተቀራራቢ በሆኑ ጨዋታዎች የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የተነፋውንና ያልተነፋውን አንድ በአንድ ያስረዳል። ውጤቱ አይቀየርም። ሰው ግን ለምን እንደሆነ ያውቃል። ያን ወጣት ዳኛችንን የጎዳው ይህ አለመኖሩ ነው። ልክ ሰርቶ፣ ልክ መስራቱን የሚነግርለት አጣ።

እንግዲህ ልመናዬ እዚህ ላይ ነው።

ውድድር የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጨዋታው በፊት አሰልጣኞችንና አምበሎችን ጠርታችሁ በአፋችሁ ንገሯቸው። «የምንጫወተው በፊባ ህግ ነው። ኳስ ቀለበት ከነካች በኋላ መንካት ይቻላል። ቀለበቱን፣ መረቡንና ቦርዱን ግን አትንኩ። ደወል ከጮኸ በኋላ ማንም አይነካትም።» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ማይክ የያዘ ሰው ካላችሁ ውሳኔው ሲሰጥ ለተመልካች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳ። የምታዘጋጁት በሌላ ህግ ከሆነም መብታችሁ ነው፤ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለዳኛውም ጭምር።

ቅርጫቱንም ተመልከቱት። የቀለበቱ ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ብዙ ግቢ ውስጥ ያሉ ቀለበቶች ሰው ሲንጠለጠልባቸው ኖሮ ወደ ፊት አዘንብለዋል። የፊት ጠርዙ ዝቅ ያለ ቀለበት ላይ «ከቀለበቱ በላይ» የሚለው መለኪያ ራሱ ይበላሻል። መረብ የሌለበት ቅርጫት ደግሞ የባሰ ነው። መረቡ ኳሷን ለአፍታ ይይዛታል፤ ዳኛውም ተመልካቹም መግባቷን ያያል። መረብ ከሌለ በፍጥነት ያለፈች ኳስና ከስር የሳተች ኳስ ከሩቅ አይለዩም። መረብ ውድ ዕቃ አይደለም። ለዋንጫ ከምታወጡት ላይ ትንሽ ቀንሱና መረብ ግዙ።

አሰልጣኞች፣ ለእናንተ ይህ ህግ ሀብት ነው። ረጅም ልጅ ካላችሁ ሁለት ነገር አለማምዱት። አንደኛ፣ የምትወርድ ኳስ ላይ እጁን ይሰብስብ። ቀለበቱን እስክትነካ ይጠብቅ። ድምፁን ይስማ፤ ቀለበት ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ይዝለልና ይጥረጋት። ሁለተኛ፣ በማጥቃት ጊዜ ጠርዙ ላይ የቆመችን ኳስ በጣቱ ጫፍ መግፋት ይልመድ፤ መረቡንም ቀለበቱንም ሳይነካ። ኤንቢኤ እያዩ ያደጉ ልጆች ኳሷ ጠርዙ ላይ ስትሆን እጃቸውን አውርደው ቆመው ያያሉ። አይተናቸዋል። ህጉ የፈቀደላቸውን ነጥብ በአይናቸው ይሸኙታል። በሳምንት አንድ ቀን ከልምምዱ ሩብ ሰዓት ብትሰጡት ቡድናችሁ በማግስቱ ይጠቀምበታል። ዳኛ ጋ ስልክ ይዞ ከመሮጥ ይህ በጣም ይሻላል።

የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጽ ያላችሁ ወዳጆችም አላችሁ። ብሎክና ዳንክ ትለጥፋላችሁ፤ ደስ ይለናል። ክሊፑ ከኤንቢኤ ከሆነ ስሩ ላይ «በኤንቢኤ ህግ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ቃል ናት። የምታዩት ልጆች ነገ ሜዳ ላይ ናቸው።

የሙያ ጓደኞቼ ዳኞችም አንድ ነገር ፍቀዱልኝ። አምበሉ በአክብሮት ሲጠይቅ መልሱለት። «ቀለበቱን ነክታ ነበር» በሉት፤ ወይም «ቦርዱን ቀድማ ነክታለች»። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ዝም ብለን ስንሄድ ደብቀን የምንሄድ ነው የሚመስለው።

ተመልካቾች፣ ጩኹ። ጩኸት የሌለበት ቅርጫት ኳስ እኔም አልወድም። «ይቆጠራል!» በሉ፤ ቡድናችሁ ነው። «ሌባ» ግን ሌላ ነገር ነው። ሌባ ማለት አውቆ የወሰደ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ቅዳሜ እረፍቱን ትቶ፣ በትራንስፖርት ገንዘብ መጥቶ፣ በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ያየውን ሲወስን ሌባ አይባልም። እንዲህ እየተባሉ ፊሽካቸውን ያስቀመጡ ልጆች አውቃለሁ። በቦታቸው የሚተካ ዳኛ ስላጣን ጨዋታ የሚዘገይበት ቅዳሜ አለ።

ህጉን በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ፣ ከስዕል ጋር አዘጋጅቶ ሜዳው በር ላይ መለጠፍ የሚፈልግ አዘጋጅ ካለ፣ አብሬው ቁጭ ብዬ እሰራለሁ። ክፍያ አልፈልግም። የማተሚያውን ወጪ ብቻ እሱ ይቻል። ያ ወጣት ዳኛም ፈቃደኛ ነው፤ ጠይቄዋለሁ። ስዕሉን እሱ ይስላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቅርጫት ኳስ ዳኛ